ገርዓልታ፦ የኅብረ ቀለማት የአሸዋ ድንጋይ ተራሮችና የአንድ ቀን ጉዞ

በትግራይ ክልል ምሥራቃዊ ዞን በሐውዜንና በአካባቢው የተዘረጋው የገርዓልታ ተራራ ሰንሰለት በቀይ፣ በብርቱካንማ፣ በቢጫና ነጣ ባለ ቀለም በተደራረበ የአሸዋ ድንጋይ የቆመ፣ በውስጡም በርካታ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን የያዘ ስፍራ ነው። ከመቀሌ በማለዳ የተነሣ መንገደኛ ከተራሮቹ አንዱን ወጥቶ፣ በግርጌያቸው ያለውን ሜዳ አቋርጦ ማምሻውን ወደ ከተማው ሊመለስ ይችላል። ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለመስክ ሥራ ወደ መቀሌ ከሚመላለሱ የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ግን ብዙዎቹ ገርዓልታን የሚያውቁት በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ጉዞው የሚጀመረው ከመቀሌ ወደ ሰሜን በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ነው። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የውቅሮ ከተማ ትገኛለች። በከተማዋ ጠርዝ ላይ ከዋናው ዓለት በከፊል ተለይቶ የተፈለፈለው የውቅሮ ጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስላለ፣ ተራራ መውጣት የማይችል ጎብኚ እንኳ የአካባቢውን የድንጋይ ጥበብ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ሊያይ ይችላል። ከውቅሮ በኋላ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ወደ ምዕራብ ታጥፎ በአብርሃ ወአጽብሃ በኩል ወደ መጋብ መንደር የሚወስደው ነው። ሁለተኛው በነጃሺና በፍሬወይኒ አልፎ ወደ ሐውዜን የሚዘልቀው ሲሆን፣ መጋብ ከሐውዜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ለአንድ ቀን የሚበቃ ዙር ይሆናል።

ከመቀሌ ወደ ገርዓልታ የሚጓዝ ሰው በምድሪቱ ዕድሜ ወደ ኋላ ይጓዛል ቢባል ስሕተት አይሆንም። መቀሌና ዙሪያዋ የተቀመጡት ባሕር አካባቢውን ሸፍኖት በነበረበት ዘመን በተፈጠረ የኖራ ድንጋይና ሸክላ መሰል ንብብር ላይ ነው። በጂኦሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ በሕንጣሎ ስም የሚጠራው ይህ የኖራ ድንጋይ ወደ ሰሜን በተጓዙ ቁጥር እየሳሳ ይሄድና ከሥሩ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይገለጣል። ከዚህም በታች ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ በግፊትና በሙቀት የጠነከሩ መሠረታዊ ዓለቶች ይገኛሉ።

የአሸዋ ድንጋዩ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ባለሙያዎች በትግራይ ሁለት ዋና ዋና ንብብሮችን ለይተዋል። የመጀመሪያው በእንትጮ ከተማ ስም የተሰየመው ሲሆን፣ ዕድሜው ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ነው። በዚያ ዘመን የዛሬይቱ ኢትዮጵያ የነበረችበት የምድር ክፍል ወደ ደቡብ ዋልታ የቀረበ ስለነበር፣ በአካባቢው የበረዶ ግግር እንደነበረ የሚመሰክር ደለል ተገኝቷል። ሁለተኛው የዓዲግራት የአሸዋ ድንጋይ የሚባለው ሲሆን፣ የተከማቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ባሕሩ ከመግባቱ በፊት በነበሩት በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ በወንዞችና በሐይቆች አማካይነት ነው። በዓለም ገበያ በብዙ ገንዘብ የሚተዋወቁ የውጭ አገር የአሸዋ ድንጋይ መልክዓ ምድሮች አሉ፤ የዓዲግራትና የእንትጮ ስሞች ግን በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ቢሆኑም በአገር ውስጥ ከባለሙያ ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው።

ቀለሙ የመጣው ከብረት ነው። የአሸዋው ቅንጣት በአብዛኛው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ሲሆን፣ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። በቅንጣቶቹ ዙሪያ እንደ ስስ ሽፋን የተለጠፈው የብረት ኦክሳይድ ግን ለድንጋዩ ቀይ ቀለም ይሰጠዋል፤ ብረቱ ከውኃ ጋር በተዋሐደበት ቦታ ቀለሙ ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል፤ ውኃ ብረቱን አጥቦ በወሰደበት ንብብር ደግሞ ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ይታያል። በገደሎቹ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ጥቁር መስመሮች ዝናብ የሚፈስባቸው ቦታዎች ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የድንጋይ ሽበትና ከውኃው የቀረ ማዕድን ተለጥፏል። በመሆኑም አንድ ገደል ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት መልክ አይኖረውም። በቀትር ፀሐይ የደበዘዘና አቧራማ የሚመስለው ግድግዳ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል እንደ ፍም ይቀላል። ለዚህም ነው ከቀኑ 5 ሰዓት መጋብ የደረሰ ሰው ከጉዞው ግማሹን እንዳጣ የሚቆጠረው።

የተራሮቹ ቅርጽ ከቀለማቸው የማይተናነስ ማብራሪያ ይሻል። የአሸዋ ድንጋዩ ቀጥ ብለው በሚወርዱ ስንጥቆች የተከፋፈለ ነው። ምድሪቱ ወደ ላይ ከተነሣች በኋላ ዝናብና ነፋስ እነዚህን ስንጥቆች እያሰፉ ሲሄዱ፣ ለስላሳው ክፍል ተጠርጎ ጠንካራው እንደ ግንብና እንደ ምሰሶ ቆሞ ቀረ። ግርጌው በውኃ ሲሸረሸር ከላይ ያለው ዓለት በሙሉ ቁመቱ ተቆርሶ ይወድቃል፤ ገደሉም ተዳፋት ከመሆን ይልቅ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ይኖራል። ይህ ሂደት ዛሬም አልቆመም። በተራሮቹ እግር ሥር ተከማችተው የሚታዩት ቤት የሚያህሉ ቋጥኞች የእርሱ ምስክሮች ናቸው።

የአካባቢው ሕዝብ ይህን ድንጋይ በብዙ መንገድ ተጠቅሞበታል። ህድሞ የሚባለው ባሕላዊ ቤት፣ የግቢው አጥር፣ የእርከኑ ካብ ሁሉ ከእርሱ የተሠራ ነው። የእጅ መሣሪያ የሚበግረው ያህል ለስላሳ፣ ጣራና ምሰሶ የሚሸከም ያህል ጽኑ መሆኑ ደግሞ ለፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ምቹ አድርጎታል። የጂኦሎጂ ምሁሩ አስፋወሰን አስራት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና በሚገኙበት የዓለት ዓይነት መካከል ያለውን ግንኙነት አሳይተዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ የዓለም ምሁራንን ትኩረት የሳቡት ግን ከዚያ በብዙ ዓመታት ቀድሞ ነው። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ከ120 በላይ የሚሆኑ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ሲያቀርቡ፣ እስከዚያ ድረስ በጽሑፍ የታወቁት ጥቂቶቹ ብቻ ስለነበሩ ጉባኤተኛው መደነቁ አልቀረም። ካህናቱና ምእመናኑ ግን ያለማቋረጥ ይገለገሉባቸው ስለነበር ተገኙ ከማለት ይልቅ ተመዘገቡ ማለቱ የተሻለ ነው።

ስለ ዘመናቸው ሁለት አነጋገሮች አሉ። የአካባቢው ትውፊት ብዙዎቹን ከነገሥታቱ ከአብርሃና ከአጽብሃ ወይም ከተሰዓቱ ቅዱሳን ጋር ያያይዛል። የሥነ ሕንፃና የሥዕል ታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ አብዛኞቹን በመካከለኛው ዘመን ውስጥ ይመድቧቸዋል። አስጎብኚ አንዱን ብቻ ሲነግር መስማት የተለመደ ነው፤ ጎብኚው ሁለቱንም መስማት ይገባዋል።

ከመቀሌ ለአንድ ቀን የሚሄድ ሰው በዋናነት ሁለት መውጫዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው አቡነ ይምዓታ ጉሕ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ ይምዓታ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው እንደ ጣት በቆመ ዓለት ላይ ተፈልፍሏል። ከመንደሩ እስከ ዓለቱ ሥር ያለው መንገድ ማንኛውም ጤነኛ ሰው የሚወጣው ዳገት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጫማ ይወልቃል። ቀጥ ባለው ግድግዳ ላይ በዘመናት ብዛት ለእጅና ለእግር የተቦረቦሩ መቆናጠጫዎች ስላሉ ወጪው እነርሱን እየያዘ ይወጣል። የአካባቢው ወጣቶችም ከላይና ከታች ሆነው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይነግሩታል። የመጨረሻው መተላለፊያ ከአንድ ሜትር ያነሰ ስፋት ያለው የዓለት ጠርዝ ሲሆን፣ በአንድ ወገኑ ግድግዳ፣ በሌላው ወገኑ ወደ 200 ሜትር የሚገመት ገደል አለ። ውስጡ ሲገባ ትንሽ ክፍል ነው። ጣራው በሁለት ጉልላት መልክ የተፈለፈለ ሲሆን፣ በላዩ የተሣሉት ሐዋርያትና ቅዱሳን ቀለማቸው እምብዛም ሳይለቅ ቆይቷል። ተመራማሪዎች ሥዕሎቹን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ያስቀምጧቸዋል። በዚህ መንገድ ሕፃናት ለክርስትና ታዝለው እንደሚወጡበትና ካህናት ለአገልግሎት እንደሚመላለሱበት የሰማ ጎብኚ፣ ገደሉን ለድፍረት መፈተኛ ከማድረግ መቆጠቡ አይቀርም።

ሁለተኛው ማርያም ቆርቆር ነው። አቀበቱ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል በሁለት የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ባለ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል። ቀለማቱን ከቅርብ ለማየት ከዚህ ስንጥቅ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ንብብሮቹ በእጅ ርቀት ላይ ስለሆኑ የጥንቱ ውኃ አሸዋውን እንዴት እያዘነበለ እንዳስቀመጠው ሳይቀር ይነበባል። ቤተ ክርስቲያኑ ሰፊ ሲሆን፣ ምሰሶዎቹ በመስቀል ቅርጽ የተጠረቡ ናቸው፤ ከግድግዳ ሥዕሎቹ ውስጥ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚመደቡ አሉበት። ከእርሱ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ በገደሉ ጠርዝ ዙሮ የሚገኘው ትንሹ ዳንኤል ቆርቆር የባሕታውያን መኖሪያ ይመስላል። ከደጃፉ የሚታየው የሐውዜን ሜዳ፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት እህሉ ሳይታጨድ፣ ከቀይ ገደሎቹ ጋር ያለው ንጽጽር በየትኛውም ፎቶግራፍ በበቂ ሁኔታ አልተገለጠም።

በአንድ ቀን ሁለቱንም ለመውጣት የሚሞክሩ አሉ። የሚቻል ቢሆንም የሚመከር አይደለም። ከፍታ የሚያስፈራው፣ የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ቆርቆርን ቢመርጥ ይሻለዋል። በቡድን የሚጓዙ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችም አለቃቸው ወጣ ብለው ጉሕን የግድ መውጣት የለባቸውም።

ከመጋብ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ከቤተ ክርስቲያኗ በተጨማሪ በሌላ ምክንያት መቆሚያ ይገባታል። ቤተ ክርስቲያኗ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን እንደተሣሉ የሚነገርላቸው የግድግዳ ሥዕሎችና ሰፊ ውስጣዊ ክፍል አላት። መንደሪቱ ደግሞ በድርቅና በአፈር መሸርሸር ከመራቆቷ የተነሣ ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ቦታ የማስፈር አሳብ ቀርቦባት የነበረች ናት። ሕዝቡ ግን ተዳፋቱን በእርከን ከትሮ፣ ጎርፉን በክትር አግዶ፣ ከብቱን ከተራራው ከልክሎ ውኃው ወደ ምድር እንዲሰርግ በማድረጉ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ አለ፤ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ፍራፍሬ ተተከለ። መንደሪቱም እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት ከዓለም ተሸላሚዎች አንዷ ሆና ተቀበለች። የግብርና፣ የውኃና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች በገርዓልታ ጉዞ ላይ ሁለት ሰዓት የሚመድቡለት ነገር ካለ ይህ ነው።

የአሸዋ ድንጋዩ ለስላሳነት ዛሬ ለቅርሱ የሥጋት ምንጭ መሆኑ አልቀረም። በስንጥቆች የሚሰርገው የዝናብ ውኃ ጨው ይዞ ይወጣና በግድግዳው ገጽ ላይ ሲደርቅ የድንጋዩን ቅንጣት ይፈለፍላል። ሥዕሎቹ በደረቅ ገጽ ላይ የተቀቡ በመሆናቸው እርጥበት ሲያገኛቸው ይላጣሉ። ጎብኚ ሲደገፍባቸው፣ ሲነካቸው ወይም ስሙን ሲጭርባቸው ደግሞ ውኃ በመቶ ዓመት የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድ ቀን ያደርሳል። ችግሩን ለማቃለል በቅን ልቡና የሚደረግ ጥገናም ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ሲሚንቶ ከአሸዋ ድንጋይ ይልቅ ጠንካራና ውኃ የማያሳልፍ በመሆኑ፣ እርጥበቱን ወደ አጠገቡ ወዳለው ለስላሳ ድንጋይ ገፍቶ መፈራረሱን ያፋጥነዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና ሥራ በቅድሚያ የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ የደነገገው እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከላከል ጭምር ነው።

ወደ ጉሕ የሚያስወጣ የብረት መሰላል ወይም የድንጋይ ደረጃ ቢሠራ የጎብኚው ቁጥር እንደሚጨምር ለማንም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ለብረቱ የሚበሳው ዓለት ለውኃ አዲስ መግቢያ ይሆናል፤ አሥር ሰው በጭንቅ የሚይዘው ክፍልም በእስትንፋስ እርጥበትና በአቧራ ይሞላል። ደረጃው ወደ ላይ የሚያደርሰው ሰው ብዛት እንጂ ላይ ያለው ቦታ ስፋት አይጨምርም። ከዚህ ይልቅ በግርጌው ያለውን አገልግሎት፣ ይኸውም የመኪና ማቆሚያውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን፣ የመጠጥ ውኃውን፣ የአስጎብኚዎቹን ሥልጠናና የገቢ አከፋፈሉን ማስተካከል ብዙ ሊጠቅም ይችላል። የመግቢያ ክፍያው ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለአስጎብኚውና መንገዱን ለሚያሳየው ወጣት እንዴት እንደሚከፋፈል አስቀድሞ ተለጥፎ ካልታየ፣ ክርክሩ ጎብኚውንም ካህኑንም ያሳዝናል።

ገርዓልታ ከተራሮቹ ውበት ጋር የማይመሳሰል ታሪክም አይቷል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የሐውዜን ገበያ በዋለበት ረቡዕ ዕለት ከተማዋ በአየር ተደብድባ በርካታ ገበያተኞች አልቀዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነትም የቱሪስት ፍሰቱ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ፣ ከአስጎብኚነት፣ ከእንግዳ ማረፊያና ከበቅሎ ኪራይ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ገቢያቸውን አጥተዋል። በክልሉ ቅርሶች ላይም ጉዳት ደርሷል፤ በዚሁ የጉዞ መስመር ላይ የሚገኘው የነጃሺ መስጊድ አንዱ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን አስቁሞ፣ በታኅሣሥ ወር ወደ መቀሌ የሚደረገው የአየር በረራ እንደገና ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የትግራይ ቅዱሳት መልክዓ ምድሮች በሚል ስም በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ የሰፈረው ጥያቄም ገርዓልታን የሚመለከት ነው። በጊዜያዊ መዝገብ መስፈር ግን በዓለም ቅርስነት መመዝገብ አይደለም፤ በመካከሉ የወሰን፣ የአስተዳደርና የጥበቃ ዕቅድ ሰነዶች መሟላት አለባቸው። ይህም በዋነኛነት በወረዳ፣ በክልልና በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የወቅቱን የጸጥታና የመንገድ ሁኔታ ከክልሉና ከወረዳው አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል። ለጉዞው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ተስማሚ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ዓለቱ ስለሚያንሸራትት ወደ ጉሕ መውጣት አደገኛ ነው። ከመቀሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መነሣት፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ መያዝ፣ ባርኔጣና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ማድረግ ይመከራል። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው ልብሱ ሰውነቱን የሚሸፍን ሊሆን ይገባል፤ ሴቶች ነጠላ ቢይዙ ጥሩ ነው። በአጽዋማትና በበዓላት ቀን አገልግሎቱ እስኪፈጸም መጠበቅ ግድ ይሆናል። ቁልፍ የያዙት ካህን እርሻ ላይ ወይም ቀብር ላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በመጋብ ላሉት አስጎብኚዎች ከዋዜማው መንገር ተራራ ላይ ተቀምጦ ከመጠበቅ ያድናል። ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት ካህኑ ይጠየቃሉ፤ ቢፈቀድም የካሜራው መብራት መጥፋት አለበት።

ከተራራው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት የወረደ ቡድን በአብርሃ ወአጽብሃ በኩል ሲመለስ ጊዜ ይተርፈዋል። የዘገየ ግን ከመጋብ በሐውዜንና በፍሬወይኒ በኩል ወደ ዋናው አስፋልት ቢወጣ የተሻለ ነው፤ በዚህ በኩል ገደሎቹ ከኋላ ስለሚቀሩ፣ የማታዋ ፀሐይ የምታደርግባቸውን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሐውዜን ከመድረሱ በፊት መኪናውን አቁሞ ወደ ኋላው መመልከት ይኖርበታል።